ሜዳው አንድ ይሁን፣ መነሻው ይለያይ

ሊን ግራንት የምትባል የ22 ዓመት ስዊድናዊት በጁን 2022 አንድ የጎልፍ ውድድር አሸነፈች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሴት ጎልፍ ተጫዋች ዋንጫ ማንሳቷ ብቻውን ብዙ የሚያስወራ ነገር የለውም። ያስወራው ያሸነፈቻቸው ሰዎች ማንነት ነው። ሃልምስታድ በተባለችው የስዊድን ከተማ በተካሄደው በዚያ ውድድር ላይ 78 ወንዶችና 78 ሴቶች ተሰልፈው ነበር። ዋንጫው አንድ፣ የውጤት ሰሌዳው አንድ፣ የሽልማት ገንዘቡም አንድ። ግራንት አራቱን ቀን ተጫውታ ስትጨርስ ሁለተኛ የወጡትን ሁለት ወንዶች በዘጠኝ ምት በልጣቸው ነበር። ከሁለቱ አንዱ በ2016 ታላቁን የብሪታንያ ኦፕን ያሸነፈው ሄንሪክ ስቴንሰን ነው። በአውሮፓ የወንዶች የጎልፍ ጉብኝት ታሪክ ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው የመለሰልኝ ወዲያው ነው፤ «እሷ እኮ ከቅርብ ነው የጀመረችው!»

ልክ ነው። ሴቶቹ ኳሱን የሚመቱበት መነሻ ከወንዶቹ መነሻ ወደ ቀዳዳው ቀረብ ያለ ነበር። ጓደኛዬ ይህን ሲል ክርክሩን የዘጋ መስሎታል። እኔ ግን ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ። ወንድና ሴት በአንድ ውድድር ይጋጠሙ ወይስ አይጋጠሙ የሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው በዚያች በቀረበችው መነሻ ላይ ነው።

ጎልፍ ለኛ ምናችን ነው?

«ጎልፍ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። አዲስ አበባ ውስጥ በአሮጌው አየር ማረፊያ በኩል የጎልፍ ክለብ አለ፤ አብዛኞቻችን ግን ጎልፍን የምናውቀው በስልክ ስክሪን ነው። እኔም ዱላውን ይዤ አላውቅም። ነገር ግን በዱላ ኳስ መምታት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ ገና ጨዋታ አለን። በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው አይቆጣም ይባላል። ሜዳው ላይ ሀብታምና ድሃ፣ አዛዥና ታዛዥ እኩል ናቸው ማለት ነው። ግሩም አባባል ነው። ችግሩ ያ እኩልነት በልማድ ወንዶች ጋ ሲደርስ መቆሙ ነው። ጌታና ሎሌ ሩሯን ሲጋፉ ሴቶቹ ዳር ቆመው ያያሉ።

ስለዚህ ጥያቄው የኛም ነው። ጎልፍን የመረጥኩት ጥያቄውን ከሌላው ስፖርት በተሻለ አጥርቶ ስለሚያሳይ ነው። በእግር ኳስ ትጋፈጣለህ፣ በቦክስ ትመታለህ፣ በሩጫ እግርና ሳንባ ነው። ጎልፍ ላይ ማንም ማንንም አይነካም። ኳሱ ቆሟል፣ ሰውየው ቆሟል። 18 ቀዳዳዎች አሉ፤ ኳሱን በትንሽ ምት ያስገባ ያሸንፋል። ቀዳዳዋ ስፋቷ 108 ሚሊሜትር ናት፤ ለወንድም ለሴትም ያው ናት።

ከአንድ መነሻ ሲጀመር

ሴቶች ከወንዶች ጋር፣ ከወንዶቹ መነሻ ተነስተው የሞከሩበት ታሪክ አለ። ቤብ ዲድሪክሰን ዘሃሪያስ የተባለችው አሜሪካዊት በ1945 የወንዶች ውድድር ውስጥ ገብታ ማጣሪያውን አልፋለች። ይህች ሴት ጎልፍ ከመጀመሯ በፊት በ1932ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በጦር ውርወራና በመሰናክል ሩጫ ሁለት ወርቅ የወሰደች ናት፤ እንደሷ ያለ ሰው ብዙ አይወለድም።

ከዚያ በኋላ ለ58 ዓመት አንዲትም ሴት በአሜሪካ የወንዶች ጉብኝት ላይ አልታየችም። በ2003 አኒካ ሶረንስታም ቴክሳስ ውስጥ በሚካሄደው የኮሎኒያል ውድድር ተጋበዘች። በወቅቱ ከሷ የሚስተካከል ሴት ጎልፍ ተጫዋች አልነበረም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በአንድ ዙር 59 መትታ ነበር፤ 18ቱን ቀዳዳ በ59 ምት መጨረስ ማለት ነው። አንዳንድ ወንድ ተጫዋቾች እንድትወድቅ እንደሚፈልጉ በይፋ ተናገሩ። አኒካ በመጀመሪያው ቀን 71፣ በሁለተኛው 74 መታች። በአራት ምት ማጣሪያውን ሳታልፍ ቀረች።

በቀጣዩ ዓመት ሚሼል ዊ ሃዋይ ላይ ገባች። ዕድሜዋ 14 ነበር። በሁለተኛው ቀን 68 መትታ በአንድ ምት ብቻ ቀረች። በ2023 ደግሞ ሌክሲ ቶምሰን ላስ ቬጋስ ላይ በሁለተኛው ቀን 69 መትታ በሦስት ምት አመለጣት።

ከዚህ ሁለት ነገር ይነበባል። አንደኛ፣ እነዚህ ሴቶች ከሜዳው ላይ ካሉ ብዙ ወንዶች የተሻለ ተጫውተዋል፤ «ሴት ምን ታውቃለች» ባዩን ዝም ያሰኛል። ሁለተኛ፣ ከአንድ መነሻ ሲጀመር ምርጥ የሚባሉት ሴቶች እንኳ ማጣሪያው ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። በአንዲት ሴት ላይ አይደለም የደረሰው፣ በተከታታይ ነው። ይህን መካድ ለሴቶች መቆርቆር አይደለም።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። በአሜሪካ የወንዶች ጉብኝት ላይ የመጀመሪያዋ ረጅም ምት በአማካይ ወደ 300 ያርድ ትሄዳለች። የሴቶቹ ከዚያ በ40 ያርድ ገደማ ታንሳለች። የጡንቻ፣ የቁመትና የዱላ ፍጥነት ጉዳይ ነው። ስልጠና ያጠበዋል እንጂ አያጠፋውም።

ያቺ የቀረበች መነሻ ስጦታ ናት?

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። «ከቅርብ ከጀመረች ምኑን አሸነፈች?» ነው የሚለው።

እስኪ ነገሩን ሜዳው ላይ እንየው። ወንዱና ሴቷ ከአንድ ቦታ መቱ እንበል። የሱ ኳስ ከሷ 40 ያርድ ቀድማ አረፈች። አሁን ሁለቱም ባንዲራዋ ወዳለችበት ሣር ይመታሉ። እሱ በአጭር ዱላ ኳሷን ወደ ላይ አንስቶ ባንዲራዋ አጠገብ ጠብ ያደርጋታል። እሷ በረጅም ዱላ መምታት አለባት፤ ኳሷ ዝቅ ብላ በፍጥነት ትመጣለች፣ ሣሩ ላይ ካረፈች በኋላም ተንከባልላ ትሄዳለች። ይህ በአንድ ቀዳዳ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከ18ቱ በአብዛኛው ላይ፣ አራት ቀን ሙሉ ነው። ስለዚህ «አንድ መነሻ» ማለት «አንድ ፈተና» ማለት አይደለም። ወንዱ ቀላሉን ጥያቄ፣ ሴቷ ከባዱን ጥያቄ ይዘው ነው የሚፈተኑት።

መነሻው ሲቀርብላት ግን ሁለቱም ለሁለተኛው ምት ተመሳሳይ ዱላ ይዘው፣ ተመሳሳይ ሣር ፊት ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ነው፣ እጅ ነው፣ ነርቭ ነው። 108 ሚሊሜትሯ ቀዳዳ ለማንም አትሰፋም። ግራንት ስቴንሰንን የበለጠችው እዚያ ላይ ነው።

ደግሞም ጎልፍ ይህን ሐሳብ የፈጠረው ለሴቶች ብሎ አይደለም። ሃንዲካፕ የሚባል የቆየ አሠራር አለው፤ ደካማው ተጫዋች የተወሰነ ምት ይቀነስለትና ከጎበዙ ጋር በእውነተኛ ፉክክር ይጫወታል። ሽማግሌው ከወጣቱ፣ ጀማሪው ከነባሩ ጋር እንዲህ ሲጫወት ኖሯል። ያኔ «ስጦታ ነው» ያለ የለም። ቦክሰኞች በኪሎ ሲመደቡም ማንም አያለቅስም። ማስተካከያው ለሴት ሲሆን ብቻ ነው ምጽዋት የሚመስለን።

እርግጥ አንድ የሚከብድ ጥያቄ አለ፤ መነሻው ምን ያህል ይቅረብ? በጣም ከቀረበ ወንዶቹ ይበደላሉ፣ ትንሽ ከቀረበ ሴቶቹ። ፍርዱ በአዘጋጆቹ እጅ ነው፣ ሊሳሳቱም ይችላሉ። ውጤቱን ግን ማየት ይቻላል። የስዊድኑ ውድድር ከ2021 እስከ 2024 አራት ጊዜ ተካሄደ። በ2021 ጆናታን ካልድዌል፣ በ2023 ዴል ዊትኔል አሸነፉ፤ ሁለቱም ወንዶች ናቸው። በ2022 እና በ2024 ሊን ግራንት አሸነፈች። ሁለት ለሁለት። አራት ውድድር ጥቂት ነው፣ ሁለቱን ያሸነፈችውም አንዲት ሴት ናት፤ ይህን ይዞ «ተረጋገጠ» ማለት አይቻልም። ነገር ግን «ለሴቶች የተዘጋጀ ቲያትር ነው» የሚለውን ክስ ውድቅ ለማድረግ ይበቃል።

ባርሴሎና 1992፦ የሁለት ሴቶች ወርቅ

«እንግዲያው ሁሉንም ቀላቅለን እንገላገል» የሚል ደግሞ አለ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኛ ኢትዮጵያውያን መልሱን ከማንም በላይ እናውቀዋለን።

በባርሴሎና ኦሊምፒክ ደራርቱ ቱሉ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች። ሰዓቷ 31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶቹን 10,000 ያሸነፈው ሞሮኳዊው ኻሊድ ስካህ በ27 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ነው የገባው። ሁለቱ አንድ ላይ ቢሮጡ ኖሮ ደራርቱ የምትባል ጀግና አናውቅም ነበር። ከሷ በኋላ የመጡት እነ ጥሩነሽና መሠረትም በወንዶች ኋላ የሚሮጡ ስም የለሽ ሯጮች ሆነው ይቀሩ ነበር። የሴቶች 10,000 ሜትር ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው በ1988 ነው፤ ከደራርቱ ወርቅ አራት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ። ለብቻ የተከፈተችው ያቺ በር ናት የአንድ አገር ሴት ልጆችን ሕልም የለወጠችው።

በዚያው ባርሴሎና ሌላም ነገር ሆኗል፤ ብዙ አይወራለትም። ዛንግ ሻን የተባለች ቻይናዊት በአየር ላይ የሚወረወር ኢላማ ተኩስ ወርቅ ወሰደች። ውድድሩ የተደባለቀ ነበር፤ ወንዶቹን በሙሉ አሸንፋ ነው። ቀጥሎ ምን ሆነ? በ1996ቱ አትላንታ ኦሊምፒክ በዚያ የተኩስ ዓይነት ሴቶች አልተሳተፉም፤ የተደባለቀው ውድድር የወንዶች ብቻ ሆነ፣ ለሴቶች የተዘጋጀ ደግሞ አልነበረም። የኦሊምፒክ ሻምፒዮኗ ወርቋን የምትከላከልበት ቦታ አጣች። ለሴቶች ለብቻው የተዘጋጀው በ2000 ሲድኒ ላይ ነው።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ደራርቱን መለያየቱ አነገሣት። ዛንግ ሻንን መለያየቱ አስወጣት። ስለዚህ «መለየት ጥሩ ነው» ወይም «መቀላቀል ጥሩ ነው» ብሎ በደፈናው መፈክር ማሰማት አያዋጣም። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ይህ አሠራር ለሴቷ በር ይከፍትላታል ወይስ ይዘጋባታል?

የኛው ማራቶን የሚያስተምረው

ነገሩ ከሩጫም አልራቀም። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ 2፡11፡53 ስትገባ ውድድሩ ወንዶችና ሴቶች አብረው የሚነሱበት ነበር፤ በእንዲህ ያለ ውድድር ወንድ አሯሯጮች ከሴቶቹ ፊት ሆነው ፍጥነት ይጠብቃሉ። በ2025 ለንደን ላይ ደግሞ ሴቶቹ ለብቻቸው ተነስተው 2፡15፡50 ገባች፤ እሱም የሴቶች ብቻ ውድድር የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። ያቺው ትዕግስት፣ ሁለት ዓይነት ውድድር፣ ሁለት ዓይነት መዝገብ።

ይህ እንዲሁ አልመጣም። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2011 ከወንዶች ጋር የተሮጠ የሴቶች ሰዓት ክብረ ወሰን አይባልም ብሎ ወስኖ ነበር፤ የእንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ የ2003 ሰዓት ሊሰረዝ ደረሰ። ጩኸት ሲበዛ ሁለቱም ለየብቻ ይመዝገቡ ተባለ። አስተዋይ ውሳኔ ነው። ከወንድ ጋር መሮጥ ሰዓት እንደሚያሻሽል ሳይክድ፣ ብቻዋን የሮጠችውንም ሳያሳንስ፣ ለሁለቱም ቦታ ሰጠ። ጎልፍ ላይም የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

አንድ ላይ መሰለፍ ሲያምርም አይተናል። በ2019 ዴንማርክ ኦርሁስ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና፣ በድብልቅ ዱላ ቅብብል ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ያሉበት የኢትዮጵያ ቡድን ወርቅ ወስዷል። ያ ወርቅ የወንድ ነው ወይስ የሴት? ጥያቄው ራሱ ያስቃል። ጎልፍም በ2028 ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የድብልቅ ቡድን ውድድር እንዲኖረው ተወስኗል። ጥሩ ጅምር ነው።

ገንዘቡና በሩ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ብር። በ2024 የወንዶቹ ዩኤስ ኦፕን ሽልማት በድምሩ 21.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የሴቶቹ 12 ሚሊዮን። ይህ እንግዲህ ከሴቶቹ ውድድሮች ትልቁ ከሚባሉት አንዱ ነው። «የሚያያቸው ሰው ትንሽ ስለሆነ ነው» ይባላል። እሺ፤ ለምን ትንሽ ሰው ያያቸዋል? ካሜራው ስለማይሄድላቸው። ካሜራው ለምን አይሄድም? ተመልካች ስለሌለ። በቃ፣ ዶሮና እንቁላል።

የተደባለቀው ውድድር ይህን አዙሪት ይሰብራል። ሰሌዳው አንድ ሲሆን ካሜራው መሪውን ነው የሚከተለው፤ መሪዋ ሴት ከሆነች ሴቷን ይከተላል። ስቴንሰንን ሊያይ የመጣ ሰው ግራንትን አይቶ ይሄዳል።

ታሪኩንም አንርሳ። ሴቶች ከጎልፍ የቀሩት ርቀት ስላነሳቸው ብቻ አይደለም፤ በር ስለተዘጋባቸውም ነው። ማስተርስ የሚካሄድበት ኦገስታ ናሽናል ሴት አባላትን የተቀበለው በ2012 ነው። ሴይንት አንድሩስ ያለው ሮያል ኤንድ ኤንሸንት ክለብ በ2014። የስኮትላንዱ ሚዩርፊልድ በ2016 ድምፅ ሰጥቶ «አይግቡ» አለ፤ ዘ ኦፕንን የማስተናገድ ዕድሉን ሲነጠቅ በ2017 ሐሳቡን ቀየረ። ትናንትና ማለት ነው እኮ! እናንተ ስማርት ስልክ ይዛችሁ ባላችሁበት ዘመን።

«ወንድ ናት»

እኛ ጋ ጎበዝ ሴት ስናይ «እሷ እኮ ወንድ ናት» እንላለን። ሙገሳ መሆኑ ነው። ይህች አባባል የሁሉንም ነገር መለኪያ ወንድ አድርጋ አስቀምጣለች። ከወንድ መነሻ ካልጀመርሽ አላሸነፍሽም የሚለውም ያው ሐሳብ ነው። ሴቷ ወይ ለብቻዋ ተጫውታ «የሴት ጨዋታ» ትባላለች፣ ወይ ከወንድ ጋር ገብታ በወንድ ሜትር ትለካለች። ሁለቱም ጋ ተሸናፊ ናት።

እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት የስፖርት ቀን ሲኖር የሴቶች ውድድር መጨረሻ ላይ ነበር የሚካሄደው፤ ወንዶቹ ጨርሰው፣ መምህራኑ ወደ ቤት ማሰብ ጀምረው፣ ሜዳው ግማሹ ባዶ ሆኖ። ማንም ሴቶቹን አትወዳደሩ አላለም። የሚያያቸው ሰው ግን አልነበረም። መለያየት እንዲህ ሲሆን ክብር ሳይሆን ጓሮ ነው።

ስለዚህ አቋሜ ይኸውላችሁ። የሴቶች ውድድር ለብቻው ይኑር፤ ማንም አይንካው፤ ደራርቱን የሰጠን እሱ ነው። ከሱ ጎን ግን ጎልፍን በመሳሰሉ፣ ፈተናውን በመነሻ ርቀት ማስተካከል በሚቻልባቸው ስፖርቶች፣ በየዓመቱ ወንድና ሴት ለአንድ ዋንጫና ለአንድ ገንዘብ የሚጋጠሙባቸው ውድድሮች ይብዙ። ነገሩ ስዊድን ላይ በተደረገው ብቻ መቅረት የለበትም። ከወንዶቹ መነሻ መጀመር የምትፈልግ ሴት ካለችም መንገዱ ይከፈትላት፤ ካልተሳካላት ግን በሁሉም ሴቶች ላይ የተሰጠ ፍርድ አይሁን። አንድ ወንድ ማጣሪያ ሲወድቅ «ወንዶች አይችሉም» አንልም።

እኛም ጎልፍ ሜዳ እስኪኖረን መጠበቅ የለብንም። ትምህርት ቤቶች በስፖርት ቀን የድብልቅ ዱላ ቅብብል ማካሄድ ይችላሉ፤ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት፣ አንድ ዱላ። የሚያስፈልገው ኖራና ፊሽካ ነው። የሴቶቹን ውድድር ከወንዶቹ እኩል ሰዓት፣ ሰው በሞላበት ማድረግም ይቻላል። ወጪ የለውም። ገና ሲመጣም ሩሯን ከሴት ልጆች ጋር መጋፋት ይቻላል፤ በጨዋታው ጌታ ካልተቆጣ ወንድ የሚቆጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ጓደኛዬ አሁንም «ከቅርብ ነው የጀመረችው» እያለ ነው። ይበል። እኔ ደግሞ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፤ ሴቶች ወደ ክለቡ በር ለመድረስ የሄዱት መንገድ ሲለካ፣ ከሩቅ የጀመረው ማን ነው?